ኣብርሀት ሰላም ብላሃለች

ደጀኔ ቂም አያውቅም ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ልጆቼ፣ ሰውየውን በመጨረሻው ብቻ እንዳትፈርዱበት ብዬ ነው።

እኔ ጎሮ፣ የብረት ሠራተኞቹ ሼድ በር ላይ ሻይና ፓስቲ እሸጣለሁ። ደጀኔ ጠዋት ተናዶ ብርጭቆዬን ግድግዳ ላይ ይፈጠፍጠዋል። ከሰዓት በኋላ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣና፣ «እትዬ ውባንቺ፣ ዛሬ ምን ሆነው ነው ፊትዎን ያጠቆሩብኝ?» ይለኛል። የምሩን ነው፤ ብርጭቆውን ረስቶታል። ቁጣው ቦግ ብሎ ሲጠፋ ነገሩንም ከጭንቅላቱ ጠራርጎ ይዞት ይሄዳል። እኛም ስቀን እንተውለታለን።

ሙያውን ብትጠይቁኝ፣ በዚያ ሰፈር እንደሱ ያለ በያጅ አላየሁም። ሁለት ቱቦላሬ ብረት ሲያጋጥም መጋጠሚያውን በጣታችሁ ብትዳስሱት አታገኙትም። ግን አንድ ቦታ አይረጋም። የአንዱን ሰው በር ጀምሮ የሌላውን መስኮት ያነሳል፤ ሜትሩን ኪሱ ከትቶ ሜትር ይፈልጋል፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እሱ ይመልሳል። ወደ አርባ የተጠጋ፣ ትዳር ያለው ትልቅ ሰው ነው። ተማሪ ሳለ «አርፈህ ተቀመጥ!» እየተባለ የተገረፈበትን ጠባይ ግን እንደያዘ አድጓል።

ይህን ጠባዩን ከሁላችንም አብልጦ ያጠናው ተስፉ ነው።

ተስፉ የዚያው ማኅበር አባል ነው፤ አንድ ሼድ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ የካህን ነው። ብየዳ ላይ ግን እጁ አይጸናም፤ ያልያዘለትን መጋጠሚያ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ይቀባበታል። ደጀኔን «ቀፎ» ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ንብ ይጮሃል ለማለት። ደጀኔ ብረት ሲለካ አጠገቡ ይቆምና ለራሱ የሚያወራ መስሎ ሌላ ቁጥር ይጠራል።

«ሰማንያ አራት ነው ወይስ አርባ ስምንት? አይ፣ እኔ የራሴን ነው።»

ደጀኔ ቁጥሩ ይጠፋበታል። እንደገና ይለካል። ተስፉም እንደገና ይጠራል።

«ተው እንጂ!»

«ረጋ በል ወንድሜ፤ ምን አደረግኩህ? ኧረ ሰዎች፣ ቀፎው ሊነሳ ነው!»

ሼዱ በሙሉ ይስቃል። ያኔ ደጀኔ ይገነፍላል፤ ብረት ይወረወራል፣ ስድብ ይዘንባል። ተስፉ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይቆማል። ድንገት የደረሰ ደንበኛ ማን ክፉ፣ ማን ጨዋ እንደሆነ ለመፍረድ አንዴ ማየት ይበቃዋል።

ነገሩ የከረረው ማኅበሩ ለሚ ኩራ ላይ የአንድ ትልቅ ፎቅ የበረንዳ መከታ እንዲሠራ በተመረጠ ጊዜ ነው። ባለፎቁ ሥራውን የሚመራውን ሰው ላያው ብሎ ራሱ ሼዱ ድረስ መጣ። ሁሉም ያሰበው ደጀኔን ነው። ለናሙና አንድ መከታ ሊበይድ ቁጭ አለ። ተስፉም ሄዶ አጠገቡ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎም አንድ ነገር በጆሮው ተናገረው። እኔ ሻይ ላቀርብ ቆሜ ስለነበር ሰምቻለሁ። ባለፎቁ ግን ያየው መዶሻው ሲወረወር ብቻ ነው። መዶሻው ተስፉን ስቶ የባለፎቁን መኪና የፊት መስታወት አወረደው። ሰው ሮጦ ሲደርስ ደጀኔ የተስፉን ጉሮሮ አንቆ ነበር።

በዚያው ቀን እጅ አውጥተው ከማኅበሩ አባረሩት። መሪነቱን ተስፉ ያዘ።

እና ልጆቼ፣ ሳምንት ሳይሞላ ደጀኔ በሼዱ በኩል ሲያልፍ ተስፉን አይቶ «እንዴት ነህ ጃል?» ብሎ እጁን ሲያነሳለት በዓይኔ አይቻለሁ። ቂም ለመያዝ እኮ ሐሳብን አንድ ቦታ ማቆየት ያስፈልጋል።

ሚስቱ ሀይሚ የእህቴ ልጅ ናት። «እኔን መትቶኝ አያውቅም አክስቴ፤ ከሚወረውረው ዕቃ አንዱ ግን አንድ ቀን ያገኘኛል» አለችኝ። እሱንም «እጅህን ካነሳህብኝ እሄዳለሁ፤ ወይ ሕክምና ወይ እኔ» አለችው። መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፤ ፈርታ ስለነበር እኔም አብሬ ገባሁ። ዶክተር ቤዛዊት ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፤ ሳትቸኩል ከልጅነቱ ጀምራ ጠየቀችው። በመጨረሻ ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ነው አለችን።

«እሱ የልጆች አይደል እንዴ?» አለች ሀይሚ።

«ልጆቹ ያድጋሉ። ብዙዎቹ ጋ ችግሩም አብሮ ያድጋል።»

«ቁጣውስ ዶክተር?»

«ቁጣ ሁሉም ላይ አይታይም፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን አለ።» ወደ ደጀኔ ዞረች። «አእምሯችን ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ነገሮች አሉ። አንዱ ሴሮቶኒን ይባላል። ስሜታችን ፈንቀል ሲል ‹ቆይ እስኪ› እንድንል ከሚያግዙን አንዱ ነው። ድንገት በሚገነፍሉ ሰዎች ላይ አሠራሩ የተለየ ሆኖ ያገኙት ጥናቶች አሉ፤ ያላገኙትም አሉ። ተጠንቶ ያለቀ ነገር አይደለም፤ እሱ ብቻም አይደለም ምክንያቱ።»

ደጀኔ ጉልበቱን እያርገበገበ፣ «ፍሬን ነው በሉኛ!» አለ። «መኪናው ደህና ነው፣ ፍሬኑ ነው የላላው።»

ሳቀች። «ለጊዜው እንደሱ ይያዙት።»

ለትኩረቱ አንድ መድኃኒት፣ ለግንፍልታው ደግሞ በዚያ በሴሮቶኒኑ በኩል የሚሠራ ሌላ ሰጠችው። እየተመላለሰም ከመገንፈሉ በፊት ሰውነቱ ምን እንደሚለው ማስተዋል ተማረ፤ ጆሮው እንደሚግል፣ አፉ እንደሚደርቅ።

መድኃኒቱ ሠራለት። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ቀስ እያለ። በር ከጀመረ በሩን ጨርሶ ነው የሚነሳው። ሀይሚ እየበረረች መጥታ፣ «አክስቴ፣ ትናንት አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው አየ! ሳይነሳ!» ስትለኝ ሁለታችንም እልል ልንል ምንም አልቀረንም።

አንድ ቀን ከሰዓት ብቻውን መጣና ሻይ አዘዘ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ብርጭቆው ላይ ዓይኑን ተከለ። እንዲህ ረግቶ አይቼው አላውቅም።

«እትዬ፣ ተስፉ ያን ሁሉ ቁጥር ይጠራብኝ የነበረው ሆን ብሎ ነው?»

ብርጭቆ ማጠቤን ቀጠልኩ።

«ያን ቀንስ፣ ባለፎቁ ፊት ‹አባትህም እንዲሁ ሲያብድ ነው የሞተው› ያለኝ? ያኔ ጆሮዬ ገብቶ ነበር። የሰማሁት ግን ዛሬ ነው።»

«ያለፈ ነገር ነው ልጄ።»

«ለእናንተ ነው ያለፈው። ለእኔ ገና መምጣቱ ነው።»

ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ አስቀመጠው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሰበረው ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

ለሚ ኩራ ላይ ደግሞ የተስፉ ሥራ ተጋለጠ። ሊረከብ የመጣው መሐንዲስ አንዱን የበረንዳ መከታ በእጁ ገፋ ቢያደርገው ከነስቱኮው ተነቅሎ መጣ። ባለፎቁ «ያንን መዶሻ ወርዋሪ አምጡልኝ፤ መስታወቴን ቢሰብርም ብረት ማያያዝ ያውቃል። አለዚያ ሁላችሁም ውጡልኝ» አለ። ማኅበሩ ጨነቀው። ለደጀኔ ሽማግሌ ተላከ፤ ፊት አውራሪው የሰፈራችን ጋሽ ገብረየስ ናቸው።

በሽምግልና የተበደለው ሰው ካሳውን በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ያኛው ወገን እሺ ካለ ሽማግሌዎቹ መርቀው ያጸኑታል። ከዚያ በኋላ ማፍረስ ሽማግሌ ማዋረድ ነው። ስለዚህ ተስፉን ይዘው ደጀኔ ቤት ቁጭ ብለው ጠየቁት።

«ምን ይደረግልህ ልጄ?»

«ገንዘብ አልፈልግም አባቴ። ብረቱን ተስፉ ይያዝልኝ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እኔ ስበይድ የሚይዝልኝ እሱ ይሁን፣ ሌላ ሰው አይሁን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የጋሽ ገብረየስ ዓይን እንባ አቀረረ። «አያችሁ? ካሳ ስንለው እጅ ለእጅ እንያያዝ አለን! ይሄ ልጅ ተባርኳል!» ብለው ተነስተው ግንባሩን ሳሙት። ተስፉም ከዚህ የቀለለ ካሳ ከየት ይገኛል ብሎ ነው መሰለኝ፣ «እሺ፣ በደስታ» አለ። ተመረቀ፣ አሜን ተባለ። ሀይሚ አለቀሰች። ደጀኔ ብቻ ነው ፊቱ ላይ ምንም ያልነበረው።

ሠራተኛው ወደ ለሚ ኩራ ሲሄድ እኔም ሻዬን ይዤ ተከተልኩ፤ ከፎቁ ሥር ሸራ ወጠርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ደጀኔ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ የተተኮሰ፣ ነጭ። ብየዳ ሥራ ላይ ነጭ ሸሚዝ ማን ይለብሳል? ተስፉ ብረቱን ደግፎ ያዘ። ደጀኔ የፊት መከለያውን ከማውረዱ በፊት በለሆሳስ፣

«ኣብርሀት ሰላም ብላሃለች» አለው።

ተስፉ የያዘው ብረት ከመስመሩ ወጣ።

ኣብርሀት የተስፉ ሚስት ነበረች። ጥላው ከሄደች ቆይታለች፤ መገናኛ የወንድ ሸሚዝ የምትሸጥበት ሱቅ አላት፤ ደህና ገበያ ላይ ናት ይባላል። ተስፉ እሷን ላለማየት በመገናኛ አያልፍም። ከጎሮ ከተማ ለመግባት ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚሄደው። ይህን ሁሉ ዘመን አንዳችንም ልብ አላልነውም። ደጀኔ ልብ ብሎታል። አሁን ልብ ማለት ይችላላ።

በማግሥቱ ሌላ ሸሚዝ።

«ኣብርሀት ሰላም ብላሃለች። ሰማያዊው ያምርብሃል ብላኝ ነው የገዛሁት።»

«ተወኝ ደጀኔ።»

«ምን አደረግኩህ? ብረቱን አታንቀሳቅሰው። ረጋ በል ወንድሜ።»

ድምፁ የተስፉ ድምፅ ነበር፤ ቁርጥ እሱን። ቀለም ቀቢው ኢዩ ከወዲያ በረንዳ ሰምቶት ኖሮ፣ «ኧረ ተስፉ፣ የሰላምታ መልስ ይላካል እንጂ! ነውር ነው!» ብሎ ጮኸ። ፎቁ በሙሉ ሳቀ። ትናንት በቀፎ የሳቁት እነዚያው አፎች ናቸው።

እንዲህ ሆነ በየቀኑ። አይጮህም፣ አይሳደብም። አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ሰላምታ፣ ከዚያ እስኪመሽ ብየዳ። ብየዳውን ብታዩት! እንደዚያን ሰሞን አምሮለት አያውቅም። ተስፉ ግን ምግብ ይተው ጀመር። አንድ ጠዋት ጋሽ ገብረየስ ዘንድ ሄዶ «ካሳውን ቀይሩልኝ» ብሎ ነበር። «ምን አድርጎህ?» ሲሉት፣ «ሰላም ይለኛል» አለ። እሳቸውም፣ «አንተ ሰው፣ ታርቃችሁ ሰላም ቢልህ ከፋህ? ሂድ ወዲያ፣ አታሳፍረን!» ብለው መለሱት።

ሀይሚ ሸሚዞቹን አየች። እንደ ሴት ሌላ ነገር ጠረጠረች፤ ተከታትላ ሱቁ ድረስ ሄደች። ኣብርሀት ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

«ባልሽ ጨዋ ሰው ነው። ዓይኑንም አያነሳብኝ። ስለ ድሮ ባሌ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ፤ ምን እንደሚያበሳጨው፣ ምን እንደሚያሳፍረው። ጓደኛው መስሎኝ ነው ያወራሁት።»

ሀይሚ ከዚያ በቀጥታ ሸራዬ ሥር መጣች። ደጀኔ ምሳ ሊበላ ሲወርድ ጠብቃ ያዘችው።

«ተው። ዛሬውኑ ተው።»

«ምኑን? ሸሚዝ ገዛሁ፤ ሰላምታ አደረስኩ።»

«እጅህን ካነሳህ እሄዳለሁ ብዬህ ነበር። ሰው ያለ እጅም እንደሚመታ አላወቅኩም ነበር። ይሄን ነገር ከጨረስከው ቤት አታገኘኝም።»

«አንቺ አይደለሽ ትዕግሥት ተማር ያልሽኝ?» አላት። እየቀለደ አልነበረም። ወጡን በጣቱ ጠርጎ ተመልሶ ወጣ።

የመጨረሻው በረንዳ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከሸራዬ በላይ ያለው ነው። ርክክብ ስለሆነ ባለፎቁ ከታች ቆሟል፤ የማኅበሩ አባላት በሙሉ አሉ። ጋሽ ገብረየስም የእርቃቸውን ፍሬ ሊያዩ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጥተዋል። ከላይ የሚነጋገሩት ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

«ዛሬ ሰላምታ የለም?» አለ ተስፉ ራሱ።

«ዛሬስ መልእክት ነው የሰጠችኝ።»

ቀጥሎ የሆነውን ደጀኔ በኋላ ነግሮኛል። የተስፉ ጆሮ ሲቀላ፣ ከንፈሩ ሲደርቅ አየ። «ከውስጥ ሆኜ አውቀዋለሁ እትዬ» አለኝ። «እዚያች ላይ አንድ ሰው ብቻ ‹ተወው በቃ› ቢለው ይበርዳል። በአጠገቡ የነበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ጊዜ ነበረኝ። እንደ ድሮው ቦግ ብሎብኝ አይደለም፤ አሰብኩበት።»

አሰበበት፤ ከዚያም እንዲህ አለው፦

«‹ወንድነቱ እንደ ብየዳው ነው፤ ከላይ ቀለም፣ ከሥር ስቱኮ› ብላለች።»

ኣብርሀት ይህን አላለችም። የፈጠረው እሱ ነው።

ተስፉ የያዘውን ቱቦላሬ አነሳ። ደጀኔ አልሸሸም። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ከታች ለቆሙት ሰዎች እንዲታይ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ቆመ። የክንዱ አጥንት ሲሰበር ድምፁ እኔ ዘንድ ደረሰ። ሁለተኛ መታው። ሦስተኛ ሊደግም ሲል ኢዩና ሌሎች ከኋላው ያዙት። ያ ካህን የሚመስል ድምፅ እንደሚታረድ በሬ ያጓራ ነበር።

«እብድ ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ?» አለ ባለፎቁ።

ጋሽ ገብረየስ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ስበው አሸዋው ክምር ላይ ተቀመጡ። ፖሊስ መጣ። ተስፉ ተወሰደ። ማኅበሩም እዚያው ቆሞ፣ እጅ አውጥቶ አባረረው።

በማግሥቱ ደጀኔ ክንዱን በጄሶ አስሮ ሸራዬ ሥር ተቀመጠ። ሥራ መያዝ አይችልም፤ ሊያወራኝ ነው የመጣው። ፊቱ በርቷል።

«እውነቱን ልንገርዎት እትዬ? ይጣፍጣል። ከማር ይበልጣል።»

«ሀይሚስ?»

«እህቷ ጋ ሄዳለች። ስልክ አታነሳም።» ይህንንም ያለው ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ነው።

የዶክተሯ ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ነበርና እኔ ይዤው ሄድኩ። ቁጣው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ጠፍቷል አላት። ክንዱስ? ያኔ ሁሉንም ነገራት፤ ከሻዬ ብርጭቆ ጀምሮ እስከ በረንዳው፣ አንዲት ሳይዘል፣ ወዲያ ወዲህ ሳይል፣ ሠርቶ የጨረሰውን ሥራ እንደሚያስረክብ ሰው። ዶክተሯ አላቋረጠችውም።

«ለዚህኛው ምን ይሰጡኛል?» አላት ሲጨርስ። «ይሄ አይገነፍልም። ሳይገነፍል ነው የሚያቃጥለው። ያንን ሴሮቶኒን ጨመር ቢያደርጉልኝስ?»

«የሰጠሁዎት ለሚገነፍለው ነው አቶ ደጀኔ። ይሄኛውን አስበው የሠሩት እርስዎ ነዎት። በሽታ ነው ብዬ ከእርስዎ ላይ ላነሳልዎ አልችልም።»

መጀመሪያ ፊቱ ላይ ያየሁት ኩራት ነው። በሕይወቱ አስበህ ሠራኸው ተብሎ አያውቅማ። የጠቆረው ቆይቶ ነው፤ ደረጃውን ስንወርድ።

ታክሲ ልንይዝ ስንል፣ «ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» አለኝ።

የጣቢያው ፖሊስ ወንበር ሰጠን።

«ክሴን ላነሳ ነው» አለ ደጀኔ። «ጥፋቱ የኔም ነው።»

«መትተኸው ነበር?»

«አልመታሁትም።»

«ሰድበኸዋል?»

«ሰላም አልኩት።»

ፖሊሱ ሰውየው ጤነኛ ነው ወይ በሚል ዓይን ወደ እኔ ተመለከተ።

«በየቀኑ ነው ሰላም ያልኩት» አለ ደጀኔ፤ «ለዚህ የሚጠየቁበት የለም?»

«የለም ወንድሜ። በሰላምታ አንከስም። ክስህን የምታነሳ ከሆነ አንሳ፤ የቀረውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር።»

ክሱን ለማንሳት መፈረም ነበረበት፤ ቀኝ እጁ በጄሶ ስለታሰረ በግራው እንደ ሕፃን ጫር ጫር አደረገ።

ተስፉ ጫማው ያለ ማሰሪያ፣ ጢሙ አድጎ ወጣ። ደጀኔን ሲያይ ቆመ። ደጀኔ ለብሶት የነበረው ሸሚዝ ከኣብርሀት ሱቅ ነው፤ አንድ እጅጌው ለጄሶው ተቀዷል። ማንም ሰላም አላለም። ወደ ታክሲ ተራው ሦስታችንም መራመድ ጀመርን፤ እኔ መሐላቸው ገብቼ።

«ለምንድነው ያስወጣኸኝ?» አለ ተስፉ በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«እዚያ ውስጥ ሆነህ አላይህማ» አለው ደጀኔ።

ተስፉ ቆም ብሎ አየው፤ ተጸጽቶ ይሁን ወይስ ደግሞ ሊያሠቃየው፣ ሊለይ ፈልጎ። ደጀኔም ያኔ ራሱን እየመረመረ እንደነበር በኋላ ነገረኝ፤ እሱም አላወቀውም።